ጉድጓዱን የሚገድል ሳሙና

ሰው ቤት በሚሠራበት ጊዜ ስለ ጣራው ቆርቆሮ፤ ስለ በሩ ቀለም፤ ስለ ሳሎኑ ስፋት እጅግ ይጨነቃል። ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግን የሚጨነቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው ሲቆፈር፤ ሁለተኛውም ሞልቶ በግቢው ውስጥ መፍሰስ ሲጀምር። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል የሚያልፉትን ዓመታት የሚወስነው የጉድጓዱ ጥልቀት ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሱቅ ገዝተን የምናመጣው ሳሙና፤ በረኪናና አሲድም በጉድጓዱ ዕድሜ ላይ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ በዛሬው የእሑድ ገጻችን ስለ ሳሙና ምርጫ ጥቂት ለመናገር አስበናል። «ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የተማራችሁት ስለ ሽንት ቤት ለመጻፍ ነው ወይ?» የሚለን ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ መልሳችንም አዎን ነው።

አዲስ አበባ የፍሳሽ መስመር ቢኖራትም ቅሉ፤ መስመሩ ያልደረሰላቸው ቤቶች እጅግ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ቤቶች ከሚጠቀሙባቸው ጉድጓዶች መካከል በሲሚንቶ ተገንብቶ በላዩ የተከደነው ሴፕቲክ ታንክ የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ታንክ እንደ አንድ ትልቅ በርሜል ይቈጥረዋል፤ የገባበት ሁሉ ተቀምጦ የመምጠጫውን መኪና የሚጠብቅ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ታንኩ ሥራ ላይ ያለ ነገር ነው። የገባው ቆሻሻ በውስጡ በሦስት ይከፈላል፤ ከባዱ ወደ ታች ዘቅጦ አተላ ይሆናል፤ ቅባቱና ቀላሉ ነገር ወደ ላይ ተንሳፎ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፤ በመካከል የቀረው ውሃ በሌላው በኩል ወጥቶ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይሄድና በአፈሩ ውስጥ ይሰርጋል። በአተላው ውስጥ ያለ አየር የሚኖሩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ሌትና ቀን ይበላሉ፤ የበሉትንም ወደ ውሃና ወደ ጋዝ ይለውጡታል። የጠላው ጋን ውስጥ እርሾው የሚሠራውን ሥራ የሚመስል ነው፤ ውጤቱ ለአፍ አይሆንም እንጂ።

ይህን ያስተዋለው ዣን ሉዊ ሙራስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አካባቢ ለቤቱ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሠርቶ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢከፍተው ይሞላል ብሎ የጠበቀው ጠጣር ነገር እጅግ አንሶ አገኘው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1881 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አወጣበት። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ ዶናልድ ካሜሮን የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. ሴፕቲክ ታንክ የሚለውን ስም ሰጠው። ሴፕቲክ ማለት በግሪክ ቋንቋ መበስበስን የሚመለከት ነው። እንግዲህ ታንኩ ስሙን ያገኘው በመያዙ ሳይሆን በማበስበሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። «ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ጀርም ይገድላል» እየተባለ የሚሸጥልን መድኃኒት ወለሉን ከጠረግንበት በኋላ የት ይሄዳል? ወደ ጉድጓዱ ነው። እዚያስ የሚጠብቀው ማን ነው? ያው ጀርም ነው፤ ነገር ግን ደመወዝ ሳይጠይቅ የሚያገለግለን ጀርም።

ሆኖም ሰውን ያለ ምክንያት ማስፈራራት አይገባም። በረኪና ጠላት ነው ብለን አዋጅ አናወጣም። በሳምንት አንድ ቀን ለነጭ ልብስ የገባ አንድ ሲኒ በረኪና በብዙ ሺህ ሊትር ውስጥ ይሟሟል፤ ጉልበቱንም ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ይጨርሳል። ጥቂት ተሐዋስያን ቢሞቱም የቀሩት በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይተካሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርመራ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። 3800 ሊትር ገደማ በሚይዝ ታንክ ውስጥ ያሉትን ተሐዋስያን ለመፍጀት በረኪናው በብዙ ሊትር ሲያስፈልግ፤ የተዘጋ ቧንቧ እንዲከፍት የሚጨመረው በኮስቲክ ሶዳ የተሠራ ደቃቅ መድኃኒት ግን 11 ግራም ያህል በቅቶታል። 11 ግራም ማለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። ስለዚህ የቤት እመቤቲቱ በአንድ ሲኒ በረኪና አትወቀስ፤ ይልቅስ ማጠቢያው በተዘጋ ቁጥር ያን መድኃኒት የሚያፈሰውን ሰው አንድ ሽቦና አንድ የጎማ መምቻ ቢገዙለት ይሻላል።

በረኪና የሚያስፈራው ብዛቱና ልማዱ ነው። ሽንት ቤቱ ሸተተ ተብሎ ጠዋትና ማታ በጆግ የሚደፋበት ቤት አለ። ሽታው ለጊዜው ይጠፋል። ነገር ግን በታች ያሉት በላተኞች እየደከሙ ሲሄዱ አተላው ሳይበላ ይከማቻል፤ ያልበሰበሰውም ቆሻሻ ከውሃው ጋር ወጥቶ ማስረጊያውን ይደፍናል፤ በመጨረሻውም ሽታው ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ባለቤቱም ሌላ በረኪና ይገዛል።

ስለ አሲድ ግን ቃላችንን አናለዝብም። በየሱቁ ለሽንት ቤት ማጽጃ የሚሸጠው አሲድ በአብዛኛው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። የሸክላውን ቢጫ እድፍ በአንድ አፍታ ስለሚያነሣው ብዙ ሰው ይወደዋል። ይህ አሲድ የታንኩን ሲሚንቶ ይበላል፤ ተሐዋስያኑንም ያውካል፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ጋዙ ነው። በመጀመሪያ፤ አሲድና በረኪና በአንድነት በፈሰሱ ጊዜ ክሎሪን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ዓ.ም. በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቤልጅግ አገር በኢፐር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ፤ «ሁለቱን ብቀላቅላቸው ይበልጥ ያጸዳሉ» ብላ የምትሠራ ልጅ ሳንባዋን በገዛ እጅዋ ታቃጥላለች።

ሁለተኛው ጋዝ በጉድጓዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው። አተላው ሲበሰብስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለውን፤ እንደ ተበላሸ ዕንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ይሠራል። ከዚህም አብዛኛው በአተላው ውስጥ ታስሮ ይኖራል። አሲድ በላዩ ሲደፋ እስሩ ይፈታና ባንድ ጊዜ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ክፋቱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂት ሲሆን ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ሕዋሳችንን ያደነዝዘዋል፤ ሰውየውም ሽታው የጠፋ መስሎት ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። የወደቀውን ለማውጣት የሚገባው ወንድሙም በላዩ ይወድቃል። በየአገሩ እንዲህ ባለ ሁኔታ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው አብሮ ይሞታል። ጉድጓድ ለማጽዳት በቀን ሥራ የተቀጠረ ሰው ከመውረዱ በፊት በዚያ ሳምንት ምን እንደ ተደፋበት አይነገረውም፤ እርሱም አይጠይቅም። ወደዚህ ጉድጓድ ሰው መውረድ የለበትም፤ ሥራው የመምጠጫ መኪናና የረጅም ቱቦ ነው። አሲድ የለመደ ቤት ግን በዚህ ምክር ላይ ሌላ ተጨማሪ ምክንያት እንዳለበት ይወቅ።

አሁን ወደ ሳሙናው እንመለስ። አሮጌው ሳሙና፤ ማለት ከስብና ከሶዳ ተቀቅሎ የሚሠራው ደረቅ ሳሙና፤ ለጉድጓዱ እምብዛም አያስቸግርም። ተሐዋስያኑ ስቡን ያውቁታል። ችግሩ የመጣው ከፋብሪካ በወጣው የዱቄት ሳሙና ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋው የዱቄት ሳሙና የተሠራበት ቅመም ቅርንጫፉ የበዛ ስለ ነበር ተሐዋስያኑ ሊቈርጡት አልቻሉም። በጀርመን አገር ወንዞች ላይ አረፋው እንደ በረዶ ክምር ቆሞ ይታይ ነበር፤ በአሜሪካም አረፋ የሚያወጣ የጉድጓድ ውሃ ከቧንቧ የቀዱ ሰዎች ነበሩ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች፤ የአሜሪካ ፋብሪካዎችም እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ቅመሙን ቀጥ ባለ ሰንሰለት በተሠራው ለወጡት። ዛሬ በብዙ አገር በዱቄት ሳሙና ውስጥ የምናገኘው ይኸው ሁለተኛው ነው።

«እንግዲያው ችግሩ አለቀ» የሚል ይኖራል። አላለቀም። በብዙ ዕቃ ላይ «ባዮዲግሬደብል» ተብሎ ይጻፋል፤ ማለት በተፈጥሮ የሚበሰብስ ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በወጣው ደንብ አረፋ ሰጪው ቅመም በ28 ቀን ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶ መፈራረስ አለበት። ይህ ፈተና ግን የሚደረገው አየር ባለበት ውሃ ነው። የእኛ ታንክ አየር የለውም፤ ውሃውም በውስጡ የሚቆየው አንድ ቀን ወይም ሦስት ቀን ነው። ቀጥ ያለው ቅመም እንኳ አየር በሌለበት ስፍራ በቀላሉ አይፈርስም። ስለዚህ ሳሙናው የሚያልቀው በታንኩ ውስጥ ሳይሆን ከታንኩ ወጥቶ አየር በሚያስገባው አፈር ውስጥ ነው ማለት ነው።

አፈሩስ እንዴት ያለ ነው? በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል ብዙው ስፍራ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ ውሃም አያሳልፍም። በዚህ ላይ ርካሽ የዱቄት ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው የሶዲየም ጨው ብዙ ነው፤ ሶዲየም ደግሞ የሸክላ አፈርን ቅንጣት በትኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እንግዲህ በዋልካ ላይ የሚኖር ሰው የዱቄት ሳሙናን በእፍኝ መበተን ቢተው፤ የሚቻለውም ሰው ፈሳሽ ሳሙና ቢመርጥ፤ ለማስረጊያው ጉድጓድ ዕድሜ ይጨምርለታል። አፈሩ እንቢ ያለው ውሃ ወደ ቦዩ ይወጣል፤ ከቦዩም ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። በአቃቂ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ እንደሚለማ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ ዘመን ደግሞ «የተፈጥሮ ሳሙና ነው፤ አይጎዳም» የሚል አነጋገር ተለምዷል። ለዚህ መልስ የሚሆነው ታሪክ ከእኛው አገር የተገኘ ስለ ሆነ ብንናገረው ደስ ይለናል። እናቶቻችን ፋብሪካ ሳይኖር ነጠላቸውን ነጭ ያደርጉ የነበረው በእንዶድ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመረምር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አየ። በላይ በኩል ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ያው ቀንድ አውጣ ነውና ይህ ትልቅ ግኝት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እኛ ለዛሬው ጉዳያችን የምንወስደው ግን ሌላውን ወገን ነው። እንዶድ ተፈጥሮ ነው፤ ሳሙናም ነው፤ ሆኖም ከወንዙ በታች ያለውን ፍጡር ይገድላል። ዓሣንም አይምርም። አክሊሉ ለማ ያዩት ሴቶቹ የቆሙበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን ውሃው የሄደበትን ስፍራ ስለ ተመለከቱ ነው።

ስለ ውሃው መሄጃ ካነሣን በአሜሪካ አገር ያለውን አንድ ነገር እንጨምር። እዚያ ዕረፍቱን በመንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው አልጋ፤ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው ተሽከርካሪ ቤት ይነዳል። ከወለሉ በታች ሁለት ታንክ አለ፤ አንዱ ለሽንት ቤቱ፤ ሌላው ለማጠቢያው ውሃ። ታንኩ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ200 ሊትር አይበልጥም፤ በየጥቂት ቀኑም ስለሚደፋ በውስጡ ምንም ለመበስበስ ጊዜ የለውም። ስለዚህ መንገደኛው የሚያስበው ስለ ሽታው ብቻ ነበር፤ ሽታውንም ለመግደል ፎርማልዲሃይድ ያለበትን፤ ማለት ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚደረግበትን መድኃኒት ይጨምርበት ነበር። ለእርሱ ታንክ ጉዳት አልነበረውም። ነገር ግን በየማረፊያው ቦታ በሚደፋበት ጊዜ የማረፊያውን ሴፕቲክ ታንክ ይገድለው ጀመር። ማረፊያው የብዙ ሰው ነውና አንዱ ያፈሰሰውን ሌላው ይጨምርበታል። በዚህ ምክንያት የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ፎርማልዲሃይድንና መሰሎቹን በእንዲህ ያለ መድኃኒት ውስጥ ማስገባትን እ.ኤ.አ. ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ከለከለች። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ መኪና ቢከራዩ፤ ከሚጨምሩት መድኃኒት በፊት ብዙ ውሃ ቢጨምሩ ሽታውን ይቀንስላቸዋል፤ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙናውም ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል፤ አለዚያ መኪናው በተነቃነቀ ቁጥር አረፋው በቧንቧው ወደ ላይ ይመጣባቸዋል።

የአሜሪካው ማረፊያ ከእኛ ኮንዶሚኒየም በምን ይለያል? በአንድ ሕንፃ ሃያና ሠላሳ ቤተ ሰብ በአንድ ታንክ ላይ ይኖራል። ሁሉም ለየብቻው «የእኔ አንድ ጠርሙስ ምን ያደርጋል?» ይላል። ታንኩ ሲሞላ ግን መጀመሪያ የሚጎርፍበት ምድር ቤት ያለው ጐረቤት ነው፤ እርሱም አሲድ ነክቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። የሕንፃው ኮሚቴ ስለ ጥበቃ ደመወዝ በሚሰበሰብበት ቀን ለዚህ ነገር ሩብ ሰዓት ቢሰጠው የሚበዛበት አይመስለንም።

ሳሙናን ሁሉ ከወቀስን በኋላ ቅባትን ሳንወቅስ ብናልፍ ግን አድልዎ ይሆናል። ከዶሮ ወጥ የተረፈ ቅቤና ዘይት በፈላ ውሃና በብዙ ላርጎ ሲታጠብ የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም፤ ሳሙናው በታትኖ አሳልፎት ነው። ቧንቧው ውስጥ በቀዘቀዘ ጊዜ እንደገና ይረጋል፤ የቀረውም ሳሙናው ተሸክሞት ከታንኩ አልፎ ማስረጊያውን ይለስነዋል። ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ወይም በተራረፈ እንጀራ ቢጠረግ ላርጎውም በግማሽ ይቀንሳል።

ከሱቅ ስንገዛ እንግዲህ ምን እንመልከት? «አንቲባክቴሪያል» የሚለውን ቃል ለዕለት እጅ መታጠቢያ አንፈልገው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ትራይክሎሳንን ከእጅና ከገላ ሳሙና ያስወጣው ከተራው ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጥ ማስረጃ ስላልቀረበለት ነው። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚል ጽሑፍ ያለበትን የወለል መድኃኒት በሽተኛ ላለበት ቤት እንተወው፤ ይህ ቅመም በአተላው ላይ ተጣብቆ ይቆያልና። ሽታው ብዙ፤ ቀለሙ ብዙ የሆነው ሁሉ ዋጋው ለሽታው ነው። የሸክላውን ቢጫ እድፍ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አድርጎ ሌሊቱን ማሳደርና ጠዋት በብሩሽ መፈግፈግ ያስለቅቀዋል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ። ታንኩን «የሚያነቃ» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተሐዋስያኑን ከአንጀታችን በየቀኑ በነጻ እንልክለታለን። ትል ታየ ብሎ ነጭ ጋዝ መድፋት፤ ያለቀ ባትሪ ድንጋይም መጣል፤ ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አይደረግም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ውሃው በመጣበት ቀን የሳምንቱ ልብስ ሁሉ ይታጠባል፤ ሳፋው በሳፋ ላይ ይደፋል። ይህ ጎርፍ በታንኩ ውስጥ የተኛውን አተላ አነቃንቆ ያወጣዋል፤ ሳሙናው ምንም ያህል የተመረጠ ቢሆን። ውሃውን በበርሜል አጠራቅሞ እጥበቱን በሁለትና በሦስት ቀን መክፈል ከተቻለ ታንኩ እፎይ ይላል። መጨረሻ ያለቀለቁበትን ውሃም ለወለል ማጠቢያ ማዋል ለብዙ ሴቶች አዲስ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ዕቃው። በረኪናና አሲድ ከባለሱቁ በርሜል ተቀድተው በባዶ ሃይላንድ የሚሸጡበት ልማድ አለ። ጠርሙሱ የውሃ ነው፤ መልኩ የውሃ ነው፤ ክዳኑንም ሕፃን ይከፍተዋል። ምን እንደሆነ ያልተጻፈበትን ባንገዛው ይመረጣል፤ ከገዛንም በትልቁ ስሙን ጽፈን፤ በረኪናውን በአንድ ከፍታ፤ አሲዱን ደግሞ ራቅ አድርገን በሌላ ስፍራ እናስቀምጠው። የተረፈውንም አሲድ «ይለቅ» ብለን ወደ ጉድጓዱ አንድፋው፤ የመምጠጫው መኪና በሚመጣበት ሳምንት ደግሞ በፍጹም።